መርፌ የማይፈልገው አዝራር

ሟቹ የሞተው ቀኝ እጁን ጨብጦ ነው። ሳጅኑ ተንበርክኮ ጣቶቹን ቀስ እያለ ሲያላቅቅ፣ ከመዳፉ ውስጥ አንዲት ቡናማ የካፖርት አዝራር ወጣች።

"በቃ ኢንስፔክተር፣ ጉዳዩ አለቀ!" አለኝ ፊቱ በርቶ። "አዝራር የጎደለበትን ሰው ፈልጎ መያዝ ብቻ ነው።"

"ጉዳዩ አለቀ" ተብሎ የተጀመረ ጉዳይ ሁሉ ጨጓራዬን ልጦ ነው የሚሄደው። ይኸኛውም ከዚያ የተለየ አልሆነም።

ቦታው ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ሁለት የስፌት መኪናዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ መሃል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ የልብስ ሰፊ ዕቃ የማይመስል፣ በእጀታ ተጭኖ ቅርጽ የሚያወጣ ከባድ የብረት መጫኛ ቆሟል። ሟቹ በጀርባው ተዘርሯል። ጭንቅላቱ ከመጫኛው ሥር ነው፣ የመጫኛው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ወይ ተገፍቷል ወይ ተደናቅፏል። ተደናቅፎ የሚወድቅ ሰው ግን የሌላ ሰው አዝራር ጨብጦ አይወድቅም፤ እሱ ራሱ ደግሞ የለበሰው ሸሚዝ ብቻ ነበር።

ሬሳውን ያገኙት የሥራ ባልደረባው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዕድሜያቸው የገፋ ልብስ ሰፊ፤ ሰፈሩ "ጋሽ ሸምበቆ" ይላቸዋል። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"እንዴት አገኙት ጋሼ?"

"ጠዋት ልከፍት ስመጣ በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ከዚያ ይኸው ነው ልጄ፣ ሌላ ምን ልበልሽ?"

"ትናንት መቼ ተለያያችሁ?"

"ፀሐይ ስትጠልቅ። እኔ ወደ ቤቴ፣ እሱ ወደ አዝራሩ።"

"ወደ ምኑ?"

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። ሲጠራቀም የከረመ ምሬት ነበር የተነፈሱት።

"የማይሰፋ አዝራር ልሠራ ነው ብሎ አይደል እንዴ ያበደው! መርፌ የለ፣ ክር የለ። እግሩን ከፊት በጨርቁ ትሰኪዋለሽ፣ ከውስጥ በኩል ክዳኑን ቀጭ ታደርጊበታለሽ፣ አለቀ። ሲያሰኝሽ ጫን አድርገሽ ታዞሪውና ነቅለሽ ሌላ ልብስ ላይ ታደርጊዋለሽ። ሰፈሩ 'ኢንጂነር' እያለ ያሾፍበታል፤ እሱ የምር ሹመት መስሎት ይኮራል።"

"ይህን ሁሉ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ሆኖ?"

"እሱን ጠይቂልኝ እስቲ!" አሉና የሚጠየቅ ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላቸው አቀረቀሩ።

ከኋላዬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሳጅኑ አዝራሯን ከወለሉ ላይ ካነሳት ክዳኗ ጋር አጋጥሞ የራሱ ሸሚዝ ላይ ሰክቷታል።

"ሳጅን! ማስረጃ እኮ ናት!"

"በጓንት ነው የያዝኳት ኢንስፔክተር። ግን ይዩዋት፣ የተሰፋች ነው የምትመስለው።"

ደሜ ቢፈላም እውነቱን ነበር። በቀዳዳዎቿ መሃል የክር ማስመሰያ ስላለ፣ ከውጭ ለሚያያት ሰው የልብስ ሰፊ እጅ ያረፈባት ተራ አዝራር ናት። ሳጅኑ ሳብ አደረጋት። እጁ ላይ ቀረች።

"ቶሎ ትወልቃለች እንጂ" አለ ቅር ብሎት።

ጋሽ ሸምበቆ በጣታቸው መጫኛውን አመለከቱን። "ሞልዱም የለም" አሉ። ሞልድ የሚሉት አዝራሩ የሚቀረጽበትን፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ብረት ነው። ከመጫኛው ላይ ተፈትቶ ሄዷል። "ሌባ ነው ልጄ። ለእሷ የመጣ ሌባ ነው።"

ሌባ ከሆነ ደግሞ የት መጀመር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት የአዝራር፣ የክርና የዚፕ ነጋዴ ሱቅ አለ። የማይሰፋ አዝራር ቢሳካ መጀመሪያ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ገና ከመግባታችን ሳጅኑ ጎኔን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። የነጋዴው ካፖርት አዝራሮች ከሟቹ እጅ የወጣችውን ቁርጥ ናቸው፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን ባዶ ነው።

"አዝራሮችዎ የት ሄዱ?" አልኩት።

"እባክዎ እሱን አያንሱብኝ!" ነጋዴው አንድ ጉንጩ ዳቦ አክሏል፣ ሲናገር እጁን ከፊቱ አያነሳም። "አዝራር ሻጭ ሆኜ አዝራር ጎድሎኝ ስዞር ሰው ምን ይለኛል? 'ልበሰው፣ ደንበኞችህ ይዩት' ብሎ የደህናውን ካፖርቴን አዝራሮች ቆርጦ በነዚህ ለወጠብኝ። አንዱ ባንክ ሰልፍ ላይ ወለቀ። አንዱ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገንና፣ አማቴ ፊት።"

"ታዲያ ለምን አልመለሱለትም?"

"አሳዘነኛ! 'እንዴት ነው፣ ያዘልህ?' እያለ በየቀኑ ሲመጣ ዓይኑን አላዩትም። አራስ ልጁን የሚያሳይ ሰው ነበር የሚመስለው። እምቢ ይባላል?"

"ትናንት ማታ የት ነበሩ?"

"ጥርስ ሐኪም ቤት። ይህ ጉንጭ አይታይዎትም?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሱቄን ስዘጋ አባትና ልጅ ሲጯጯኹ ሰምቻለሁ። ልጁ በሩን ደርግሞት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።"

ልጁን ያገኘነው ቤታቸው፣ እናቱ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሹፌር ነው፣ ጢሙ ገና በወጉ ያልሞላ ወጣት። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ካፖርቱ ላይ አንድ አዝራር ጎድሏል። ሳጅኑ ሲያይ ያደረገውን ፊት ባላየሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሎተሪ የወጣለት ነው የሚመስለው።

ጣቢያ ወሰድነው። አዝራሯን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ አፍንጫው ሥር ደቀንኳት።

"ይህች ያንተ ናት?"

"እንዴት ልወቅ? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።"

"የጎደለብህ የት ሄደ?"

"ወለቀ። ሁሌም ይወልቃል።"

"ከአባትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?"

"በዚሁ ነዋ!" ጮኸ፤ ከዚያ በጮኸበት አፍሮ ድምፁን አወረደ። "አለቃዬ ፊት ቆሜ ስንጠራራ ተፈናጥሮ ሻዩ ውስጥ ገባ። ሁሉም ሳቁብኝ። መጥቼ 'አባዬ ተው፣ ቤቱ ደንበኛ አጣ፣ እማዬ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ አንተ አዝራር ትጫወታለህ' አልኩት። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ሻዩ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ አብሮ ወደቀ ወይስ ልብሱ ላይ ቀረ?' አለኝ። ጥዬው ወጣሁ።"

"ከዚያስ?"

"መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ። ተናድጄ ቤት መግባት አልፈለግኩም።"

"ማን አየህ?"

"ማንም።"

ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ አዝራሯንም ደጋግሜ ደቀንኩበት። መልሱ ያው ነው። እኔ ደከመኝ እሱ አልደከመውም፤ ውሸታም ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ይህንን ለኮማንደሩ ለማስረዳት ሄድኩ። ከኮማንደሩ ጋር መነጋገር ከግድግዳ ጋር እንደ መነጋገር ነው፤ ግድግዳ ግን ቢያንስ አያቋርጥም።

"ጠብ አለ፣ ምስክር አለ፣ የጎደለ አዝራር አለ" አለኝ በጣቶቹ እየቆጠረ። "ምን ቀረሽ?"

"አዝራር የጎደለበት እሱ ብቻ አይደለም እኮ ጌታዬ። ሰፈሩ በሙሉ አዝራር እያንጠባጠበ ነው የሚዞረው።"

"ነጋዴው ሐኪም ቤት ነበርኩ ብሏል አላልሽኝም?"

"ገና አላጣራሁም።"

"አጣሪያ! ነገ ቀትር ላይ ልጁ ወደ ዋናው መምሪያ ይተላለፋል።"

"ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው። ለአባቱ ያለው ልጅ እሱ ብቻ ነው።"

"አባቱን የገደለ ሰው አባቱን ይቅበር ነው የምትይኝ?"

መልስ ነበረኝ፤ ግን ለአለቃ የሚነገር ዓይነት ስላልነበረ ዋጥኩት።

ቢሮዬ ስመለስ የሟቹ ባለቤት ወንበሬ ፊት ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወድቋል። በሽታ አንድ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ አይታዘዝላቸውም። የለበሱት ረጅም ሹራብ ላይም አንድ አዝራር ጎድሏል። ሳየው ራሴን ያዘኝ።

"ልጄን አባቱን እንዳይቀብር ልታደርጊው ነው?" አሉኝ።

"እኔ አይደለሁም እናቴ፣ አለቆች ናቸው።"

"ከእጄ ላይ የወሰድሽው አንቺ ነሽ።"

ልክ ነበሩ።

"አዝራር አዝራር ትሉኛላችሁ" አሉ። "እስቲ ስለ አዝራሩ ልንገርሽ። ስፌት ቤቱ ውስጥ አዝራር የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ይህ እጄ ሲከዳኝ መርፌ መያዙ ቀረ። እሱ ለእኔ ብሎ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የሠራው ጉልበተኛ ነበር፣ ሁለት ሰው ቢስበው አይወልቅም። ግን እኔ በአንድ እጄ ልነቅለው አቃተኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምንም አላለኝም። በማግስቱ ውስጡ ክዳኑን ነክሳ የምትይዘውን ሽቦ፣ ሞላዋን፣ አላልቶ አመጣልኝ። በሁለት ጣቴ ነቀልኩት፣ መልሼም ሰካሁት። ያኔ ደግሞ እሱ አለቀሰ።"

"ለካ ለዚህ ነው የሁሉም የሚወልቀው።"

"ለዚህ ነው። ያላለው ሰው የለም፣ 'ሞላውን አጥብቀው' ይሉታል። 'እሷ ካልቻለችው ምኑን አዝራር ሆነ' ይላቸዋል።"

ከዚያ ሥራዬ ትዝ አለኝ። "ማን ማን ነው የሚለብሳቸው?"

"እኔ፣ ልጄ፣ ነጋዴውና ሸምበቆ። ሌላ ማን ይታገሠዋል?"

"ትርፍ አዝራር የት ያስቀምጣል?"

"የምን ትርፍ? አንድ በአንድ በእጁ እየሞረደ ነው የሚሠራቸው። የወለቀበት ሰውም ምትክ አይሰጠውም። 'ለምን እንደወለቀ ሳላውቅ ሌላ አልሠራም' ብሎ ሁላችንንም ጎዶሎ አድርጎናል።" በደህና እጃቸው ኪሳቸውን ዳብሰው አንዲት አዝራር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "ይኸው የእኔ። ወልቃ ከወደቀች ሰንብታለች። ሳልሰጠው..."

"ጋሽ ሸምበቆስ እንዴት ነው የሚይዙት?"

"ሸምበቆ ነገርዬውን አይወደውም። ግን ለባሌ እምቢ ብሎት አያውቅም፤ ከልጅነታቸው አብረው ናቸው። የእሱ ወልቆበትም አያውቅ። ልብሱን እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው።" ለመነሳት ጠረጴዛዬን ተደገፉ። ላግዛቸው እጄን ብዘረጋ አልተቀበሉኝም። "ነገ ልጄን እፈልገዋለሁ" ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ ማልጄ ጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ የነጋዴውን ስም ገና ከመጥራቴ ዓይኗን አንከባለለች።

"እሱን ሰውዬ? ከመሸ መጥቶ ወንበሩን ሙጭጭ ብሎ ያዘ። መርፌውን ሳሳየው ጮኸ፣ ሳላሳየው ጮኸ። እኛ ቤት ስንገባ እንኳ ገና በር ላይ ቆሞ ያቃስት ነበር።"

ከዚያ ወደ ሱቁ። ነጋዴው ምንም ሳልጠይቀው መሳቢያውን ከፍቶ ሁለቱን የወለቁ አዝራሮች አወጣልኝ። ሊመልስለት ሲል ሲያፍር፣ ሊጥላቸው ሲል ሲያሳዝኑት እዚያው ኖረዋል። የጠፋው ሞልድ ምናልባት ቢገኝ ብለን ሱቁን አገላበጥነው። ሳጅኑ የአዝራር ሳጥን እየዘረገፈ ሲፈልግ አንዱን ሳጥን በሌላው ላይ ገለበጠው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ የልጅ፣ የአዋቂ ሁሉ ተደበላልቆ ወለሉን ሞላው። ነጋዴው እንዲህ ያለ ጩኸት የጮኸው ሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሞልድ የለም።

ከዚያ ወደ ልጁ መኪና። ሳጅኑ ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ግማሽ አካሉን ከትቶ ሲያቃስት ቆየና አቧራ ለብሶ ወጣ። በእጁ ቡናማ አዝራር ይዟል። ከሻዩ ወጥታ ወደ መኪናው ተጥላለች፤ እግሯ ላይ የስኳሩ ዝቃጭ ደርቆ ተጣብቋል።

"የልጁ ተገኘች ኢንስፔክተር!"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መንገዱ ዳር ቆሜ ለመጮኽ ምንም አልቀረኝም። የእናትየው ጠረጴዛዬ ላይ ናት። የነጋዴው ከመሳቢያው ወጡ። የልጁም ይቺው። የጠፋ የተባለ አዝራር ሁሉ ተገኝቶ እያለ፣ ከረጢቴ ውስጥ ያለችው የማን ናት? የማንም ያልሆነች አዝራር ሰው አትገድልም።

ለኮማንደሩ ደወልኩ። "የልጁ አዝራር መኪናው ውስጥ ተገኝቷል ጌታዬ። ሟቹ የጨበጠው የእሱን አይደለም።"

"ከየት እንደተገኘ በምን ታውቂያለሽ? እሱ ራሱ ጥሎት ቢሆንስ?"

"ከታሰረ በኋላ?"

"ገዳዩን አምጪና ልጁን ውሰጂ። እስከ ቀትር ነው።" ዘጋብኝ።

ስልኩን ልወረውረው እጄን አነሳሁና ዋጋው ትዝ ሲለኝ ኪሴ ከተትኩት።

"ምናልባት ሟቹ አዲስ የሠራት ትሆን?" አለ ሳጅኑ።

"እግሯ ላይ የሱፍ ብናኝ አለ። ከተለበሰ ካፖርት ላይ ተስባ ነው የወጣችው። የሚለብሱት ደግሞ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።"

"እንግዲያውስ የጎደለባቸው ሁሉ ነፃ ወጡ ማለት ነው" ብሎ ሳቀ። "የቀረን ያልጎደለበትን ሰው ማሰር ነው።"

ለቀልድ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። "መኪናውን አስነሳ" አልኩት።

ጋሽ ሸምበቆ ስፌት ቤቱ ውስጥ ለቀብሩ የሚለበስ ጥቁር ልብስ እየተኮሱ ነበር። ነጋዴውንም አስጠራሁት። የመቁረጫውን ጠረጴዛ አጸዳሁና ነጭ ወረቀት አነጠፍኩበት።

"ለማመሳከሪያ እፈልጋቸዋለሁ" አልኳቸው። "ሁለታችሁም የካፖርታችሁን አዝራሮች እየነቀላችሁ እዚህ ላይ አስቀምጡልኝ።"

ነጋዴው ቃሌን ሳልጨርስ ጀመረ። "ተገላገልኩ!" እያለ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ ነቅሎ ወረቀቱ ላይ በተናቸውና ካፖርቱን በእጁ ሰብስቦ ይዞ ቆመ።

ጋሽ ሸምበቆ ከታች ጀመሩ። ጫን አደረጉ፣ አዞሩ፣ አስቀመጡ። ቀጣዩንም እንዲሁ። እጃቸው የልብስ ሰፊ እጅ ነው፣ ዝግ ያለና ንጹሕ። ደረታቸው ጋ ሲደርሱ አንዱን ዘለው የአንገታቸውን ነቀሉ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ።

"አንዷ ቀረች ጋሼ" አልኩ።

"እሷ ትንሽ ጠብቃለች።"

"እስቲ እኔ ልሞክራት።"

አላንገራገሩም። የካፖርቱን ደረት ገለጥ አድርጌ ውስጡን አየሁ። በሌሎቹ ቦታ የአዝራሩ እግር የበሳት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት። እዚህ ግን ክር ነው። ደህና ተደርጎ የተጠመጠመ፣ ጫፉ ጨርቁ ውስጥ የተደበቀ፣ የሚያምር ስፌት።

"እጅዎን ይባርከው!" አለ ነጋዴው አንገቱን አስግጎ። ከዚያ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ገባውና ያበጠ ጉንጩን ይዞ ወደ ኋላ አለ።

ደስ አላለኝም። ተናደድኩ እንጂ። "ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ጎድሎበት እየዞረ እርስዎ ምን ቸገረዎት? እንዳለ ትተውት ቢመጡ ማን ልብ ይልዎት ነበር?"

"አዝራር የጎደለው ልብስ ለብሼ ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም" አሉ። "እጄ ነው የሰፋው። አስቤበት አይደለም። ልብ ስል ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ ነበር። ለዓይን ስለሚመሳሰል ከራሴ ቁምሳጥን ተራ አዝራር አንስቼ ነው የሰፋሁት።"

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሳልጠይቃቸው ቀጠሉ።

"ለአዲስ ሞልድ ብሎ ሁለቱንም የስፌት መኪና ሊሸጥ ገዢ አግኝቷል። ያን ዕለት ነው የነገረኝ፣ እንደ ምሥራች። 'ከእንግዲህ ስፌት ምን ያደርግልናል?' አለኝ። እኔን እኮ ነው! ቤቴ ሄድኩ። መቀመጥ አቃተኝ፣ ተመልሼ መጣሁ። ልጁ ተጣልቶት ሄዷል፤ እሱ ያቺን መጫኛ አቅፎ ይሠራል። ሞልዷን ፈታሁና ልወረውራት አነሳሁ። ደረቴን ያዘኝ። ገፋሁት።" ሁለት እጆቻቸውን አዩአቸው። "ይዞኛል፣ አይወድቅም ብዬ ነው የገፋሁት ልጄ። ልብሴን በደንብ ጨብጦኝ ነበር። ያቺ ነገር ቀጭ አለች። እኔ የሰፋኋት ብትሆን ኖሮ ትይዘው ነበር። ካፖርቱ ይቀደዳል እንጂ እኔ የሰፋሁት አዝራር አይወልቅም።"

ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽማግሌው ከውስጥ ኪሳቸው ሞልዷን አውጥተው ነጩ ወረቀት ላይ አኖሯት።

"ለምን አልጣሏትም?" አልኩ።

"ልጥላት ወጥቼ ነበር። የእሱ ድካም ናት፣ እንዴት ልጣላት?"

"ልጁ ሲታሰርስ? ዝም ብለው አዩት?"

"ዛሬ ቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ ብዬ ነበር።"

"ልጁ ቀብሩ ላይ አይኖርም ነበር እኮ ጋሼ!" ጮኽኩባቸው። "ቀትር ላይ ሊወስዱት ነው! የሚቀብረው ልጅ ታስሮ ለማን ነበር የሚናገሩት?"

አንገታቸውን ደፉ። ይህን አላሰቡትም ነበር። እጃቸውን ስይዛቸው የካፖርቱ ደረት ተከፍቶ በአንዷ በተሰፋችው አዝራር ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጣቢያ ስንደርስ ልጁን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ኮማንደሩ የጋሽ ሸምበቆን ቃል አንብቦ ሲጨርስ "እኔም ልጁ ላይ ጥርጣሬ ነበረኝ፣ ፊቱ የገዳይ አይደለም ብዬ ነበር" አለኝ። ይህንንም ዋጥኩት። የመፍቻውን ትእዛዝ ከእጁ ነጥቄ ሮጥኩ ማለት ይቀላል።

እናትየው ጥቁር ለብሰው መተላለፊያው ላይ ይጠብቁ ነበር። ልጁ ሲወጣ በደህና እጃቸው አንገቱን ያዙትና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። ገዳዩ ማን እንደሆነ መንገር የእኔ ሥራ ነው። ነገርኳቸው።

"ሸምበቆ?" አሉ። ተቀመጡ። "ሸምበቆ?"

"ጠብ ነበር። ገፋ አደረጓቸው። ለመግደል አስበው አይመስለኝም።"

ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ትከሻቸውን ይዟል።

"ባሌ ግን ቀልጣፋ ነበር" አሉ በመጨረሻ፣ ለእኔም ለራሳቸውም። "እኔ መንገድ ላይ ስንገዳገድ ስንት ጊዜ ከመሬት በላይ አፈፍ አድርጎኛል። ምነው እሱ ሲወድቅ የሚይዘው አጣ?"

የማይታዘዘው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወድቋል። ያቺ ሞላ ለማን ብላ እንደላላች የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ባትላላ ኖሮ ባላቸውን ትይዘው እንደነበር ልነግራቸው አልቻልኩም።

"አጡ እናቴ" አልኩ። "የሚይዙት አጡ።"

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ከአባቱ መዳፍ የወጣውን ነገር ስንት ጊዜ አፍንጫው ሥር እንደደቀንኩበት እኔም እሱም አልረሳንም። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ እናቱን አነሳቸው።

"እንሂድ እማዬ" አለ። "አባዬ እየጠበቀን ነው።"